በሰው ቃል የተሰረዘ መስመር

ጋሽ ሀንዲሶ የደወሉልኝ ረቡዕ ጠዋት ነበር። እንደ ልማዳቸው ስለ ጤናዬ፣ ስለ ባለቤቴ፣ ስለ ልጆቼ፣ ቤታችን ብርድ ይገባ እንደሆነ አንድ በአንድ ጠየቁ። እኔም ስለ ስኳራቸው ጠየቅሁ። ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው፣ ድምፃቸውን ሳይቀይሩ፣ «አርብ አሥር ሰዓት ላይ መድረስ ያለበት ወረቀት አለብኝ፤ ኪቦርዴ ደግሞ ከአዲሱ ኮምፒውተር ጋር አልግባባ አለኝ» ያሉት።

ያን ጊዜ ከጆሃንስበርግ ለአንድ የአማርኛ ሬዲዮ ዘገባ እልክ ነበር። ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ ከቤት መውጣት ስለቀረ ሥራዬ ሁሉ በስልክ ሆኖ ነበር። ለአንዱ እደውልለታለሁ፣ ለሌላው እደውልለታለሁ፤ ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ነገር ከነገረኝ ጽፌ እልካለሁ። በዚህ ደንብ ብዙ ዓመት ሠርቼ አንድም እርማት አልወጣብኝም። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፤ በእነዚያ ሦስት ቀናት የሆነውን ለመረዳት ስለሚያስፈልግ ነው።

ጋሽ ሀንዲሶ የከምባታ ሰው ናቸው። አገር ቤት የፍርድ ቤት ታይፒስት ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ መጥተው ጥቂት ዓመት በስፓዛ፣ ማለትም በሰፈር ሱቅ ንግድ ከሠሩ በኋላ ስኳር ዓይናቸውን ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ሮዘተንቪል ውስጥ፣ ከአንድ ግቢ ጀርባ በተከራዩት ክፍል ተቀምጠው የስደተኞችን ቃል ወደ እንግሊዝኛ እየመለሱ ይጽፋሉ። ጥገኝነት የተከለከለ ሰው ይግባኝ ሲል ጠበቃው «ታሪክህን ጽፈህ አምጣ» ይለዋል። ያኔ ሰው ወደ ጋሽ ሀንዲሶ ይሄዳል።

እንግሊዝኛ የሚችል ሌላ ሰው ጠፍቶ አይደለም። ወደ እሳቸው የሚኬደው የሰሙትን ስለማያወጡ ነው። እኛ እዚህ ጥቂት ነን። አገር ቤት የደረሰብህን ነገር ለአንዱ ብትነግረው፣ የዚያ የበደለህ ሰው የአክስት ልጅ እዚሁ ኮዝሞ ሲቲ ሱቅ ከፍቶ ታገኘዋለህ። ጋሽ ሀንዲሶ ባለጉዳዩን ሁለት ሦስት ጊዜ አስቀምጠው ያዳምጣሉ። አይቀዱም፣ ማስታወሻ አያስይዙም። ሁሉን በጭንቅላታቸው ከያዙ በኋላ በራቸውን ዘግተው ሳይነሱ ይጽፉታል። የሚጽፉትን ኮምፒውተሩ በጆሮ ማዳመጫ ያነብላቸዋል።

ኪቦርዱ ከባንክ ጨረታ የወጣ፣ ጡብ የሚያክል፣ ቀለሙ እንደ አሮጌ ጥርስ የወየበ ነው። እያንዳንዱ ቁልፍ ሲጫኑት ጣትን መልሶ ይገፋል፣ «ጠቅ» ብሎም ይጮኻል። ይህ ጩኸት ለእሳቸው ጌጥ አልነበረም። ስኳር የጣታቸውን ጫፍ ስሜት ጭምር ወስዶታል። ብሬል ለመማር ሞክረው ጣታቸው ነጠብጣቡን አልለይ ብሎ ትተውታል። ቁልፍ መጫናቸውን የሚያውቁት በክርናቸው ግፊትና በጆሯቸው ነው። በቀጭን ላፕቶፕ ላይ የጻፉትን አንድ ጊዜ አይቻለሁ፤ አንዱ ፊደል አምስት ጊዜ ተደጋግሞ ቀጥሎ ያሉት ሦስቱ ይቀራሉ። ግማሽ ገጽ ለማረም ግማሽ ቀን ይፈጅባቸዋል።

ማክሰኞ ዕለት ሎድሼዲንግ በሚሉት የመብራት ፈረቃ ጠፍቶ የነበረው መብራት ሲመለስ አሮጌውን ኮምፒውተራቸውን አቃጠለው። ወረቀቱን የምትጠብቀው ጠበቃ ቢሮ ላፕቶፕ አዋሳቸው። የኪቦርዱ መሰኪያ ግን ክብ፣ እንደ አውራ ጣት የወፈረ፣ ውስጡ አምስት እግር ያለው ነው። ላፕቶፑ ላይ እንደዚያ ያለ ቀዳዳ ከየት ይመጣል?

«የማን ወረቀት ነው?» አልኳቸው።

«የወርቅነሽ።»

ወርቅነሽን ከሩቅ አውቃታለሁ። ኦሬንጅ ፋርም ስፓዛ ያላት፣ ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። ጠበቃዋ አንድ ጊዜ ቀጠሮ አስረዝማላት ነበር፤ ሁለተኛ ማስረዘም የለም። ቃሏ እስከ አርብ አሥር ሰዓት ድረስ በኢሜይል ካልገባ ይግባኙ ይዘጋል። ይግባኙ ከተዘጋ ፔፐሯ፣ ማለትም የጥገኝነት ወረቀቷ አይታደስም። ከዚያ በኋላ የሚቀራት ወደ ሸሸችበት ቦታ መመለስ ነው።

«ሌላ ሰው ቢጽፍላትስ?»

«ለእኔ ለመንገር ሦስት ሳምንት ፈጅቶባታል» አሉኝ ጋሽ ሀንዲሶ። «ደግማ አትናገረውም። እኔም ለሌላ ሰው አፍ አሳልፌ አልሰጠውም።»

ያን ቀን ማስክ አድርጌ ወደ ኑሪያ ሄድኩ።

ኑሪያ የስልጤ ልጅ ናት። ባሏ ዕቃ ያከፋፍላል፤ እሷ ደግሞ ቲል የሚባለውን የመደብር ሒሳብ መቀበያ ማሽንና የዕቃ ዋጋ አንባቢውን ትጠግናለች። ብዙዎቹ መደብሮች ማሽናቸው አዲስ፣ ኪቦርዳቸው አሮጌ ስለሆነ፣ አሮጌውን ከአዲሱ የሚያገናኝ አዳፕተር በአንድ የዳቦ ሳጥን ሙሉ አላት። ነገሩን ስነግራት ያዳመጠችኝ ካቻቢቴዋን ሳታስቀምጥ ነው።

«ጋዜጠኛው፣ አንተ ለዜና ነው ወይስ ለሥራ የመጣኸው?»

«ለሥራ።»

«እንግዲያው ሳጥኑን ተሸከም።»

የጋሽ ሀንዲሶን በርና መስኮት ከፍተን፣ እሳቸውን ከወዲያኛው ጥግ አስቀምጠን ጀመርን። ኑሪያ ከዘይት ካርቶን አንድ ፊት ቀድዳ ግድግዳው ላይ አስደገፈችና በማርከር የሚጠረጠረውን ሁሉ ጻፈች። አዳፕተር። ገመድ። የላፕቶፑ ቀዳዳ። መውደቅ። እርጥበት።

«ጋሼ፣ ወድቆ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ውኃ፣ ሻይ፣ ምንም ነገር ፈስሶበታል?»

«እኔ ምንም አላፈሰስኩበትም» አሉ። «ሰኞ ማታ አንድ ደብዳቤ ጽፌበታለሁ፤ ደህና ነበር።»

«ጋሽ ሀንዲሶ ይህን ኪቦርድ እንደ ዓይናቸው ብሌን ነው የሚይዙት» አልኩ እኔም። «ውኃ የሚባል አይጠጋውም።»

ኑሪያ ሁለቱን መስመር ሰረዘች።

መጀመሪያ የጠበቃዋ ቢሮ ከላፕቶፑ ጋር የላከውን ትንሽ መቀየሪያ ሰካች። ምንም የለም። «ይሄ ቅርጹን ብቻ ነው የሚቀይረው» አለችኝ። «ውስጡ ባዶ ነው። ኪቦርዱ የሚናገረው የድሮ ቋንቋ ነው፤ ላፕቶፑ ያን አይሰማም። ቆብ የቀየረ ሰው ቋንቋ አይቀይርም።» ቀጥላ አስተርጓሚ ቺፕ ያለበትን ከሳጥኗ አወጣች። የኪቦርዱ ሦስት መብራቶች ቦግ አሉ። ጋሽ ሀንዲሶ የመብራቱን ነገር ስነግራቸው ወንበራቸው ላይ ቀና አሉ።

ግን ደስታው አልቆየም። ጋሽ ሀንዲሶ ስማቸውን ሲጽፉ ግማሹ ፊደል ወጣ፣ ግማሹ ቀረ። ነቅላ ስትሰካው የቀሩት ወጡና የወጡት ቀሩ። ሁለተኛ አዳፕተር ቀየረች፤ እንደዚያው። ሦስተኛ፤ እንደዚያው። እያንዳንዱን ሙከራ ካርቶኑ ላይ ትጽፋለች። አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ነው የምትቀይረው። እኔ አዳፕተሩንም ገመዱንም ባንድ ላይ ልቀይር ብዬ እጄን ስዘረጋ በካቻቢቴ እጀታ መታ አደረገችኝ።

«ሁለቱን ባንዴ ቀይረህ ቢሠራ የትኛው እንደሆነ በምን ታውቃለህ?»

ሐሙስ ጠዋት ከአንድ የተጣለ ቲል የተፈታ ሌላ አሮጌ ኪቦርድ ይዛ መጣች። በዚያው አዳፕተር ሰካችው። ሁሉም ቁልፍ ሠራ። ስለዚህ አዳፕተሩ ንጹሕ ነው። ከዚያ የጋሽ ሀንዲሶን ኪቦርድ ሱቋ ወስዳ፣ ክብ ቀዳዳ ካለው አሮጌ ኮምፒውተር ጋር ያለ አዳፕተር አገናኘችው። እሱም ሁሉም ቁልፍ ሠራ። ስለዚህ ኪቦርዱም ንጹሕ ነው።

«እንግዲህ ሁለቱም ለየብቻ ደህና ናቸው» አለች ስትመለስ። «ሲገናኙ ብቻ ነው የሚታመሙት። እንደ አንዳንድ ባልና ሚስት።»

ጋሽ ሀንዲሶ ሳቁ። እኔ ሰዓቴን አየሁ፤ ስድስት ሰዓት ተኩል ነበር።

«አሮጌውን ኮምፒውተር አምጥተን እዚህ ብናስቀምጥስ?» አልኩ።

«የቲል ፕሮግራም ብቻ ነው ያለበት። ለጋሼ የሚያነብላቸው የለውም። ኢሜይልም አይልክም።»

«ኪቦርዱን ክፈችዋ።»

«ፕላስቲኩ ደርቋል፤ ሲከፈት ሊሰነጠቅ ይችላል። ከተሰነጠቀ አበቃ። ምን እንደምፈልግ ሳላውቅ አልከፍተውም።»

ከዚያ ካርቶኑ ፊት ቆመች። እኔም አጠገቧ ቆሜ አነበብኩት። ከእያንዳንዱ ስርዝ ጎን በምን እንደሰረዘችው በትንሹ ጽፋለች። ከአዳፕተር ጎን «ሦስት ቀየርኩ» ይላል። ከገመድ ጎን «ለካሁት»። ከላፕቶፑ ቀዳዳ ጎን «ሌላ ኪቦርድ ሠራበት»። መውደቅን ደግሞ በኋላ ቅርፊቱን በመብራት ዞራ አይታ «ስንጥቅ የለም» ብላለች። ከእርጥበት ጎን የተጻፈው ግን «ጋሼ አሉ፤ ጋዜጠኛው አለ» የሚል ነበር።

ማርከሩን አነሳችና ያን መስመር ከበበችው።

«ይሄን ብቻ ነው በመሣሪያ ያልሰረዝኩት» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «በሰው ቃል ነው። አንተ ራስህ አይተሃል?»

አላየሁም። ሁለት ምስክር ነበራት፤ ሁለተኛው እኔ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ የሰማሁት ከአንደኛው ነው። ለዓመታት የኮራሁበት ደንብ በአንድ የዘይት ካርቶን ላይ እንዲህ ሲታይ ፊቴ ጋለ። ምን ያህሉ ዘገባዬ እንደዚህ እንደነበረ ያኔውኑ ማሰብ ጀመርኩ። በስልክ ካነጋገርኳቸው ሁለት ሁለት ሰዎች ስንቶቹ አንዱ ከሌላው ሰምተው ይሆን?

ወደ ጋሽ ሀንዲሶ ዞርኩ። ረቡዕ የመለሱትን በቃሌ ይዤው ነበር። «እኔ ምንም አላፈሰስኩበትም» ነበር ያሉት። ስለራሳቸው ብቻ ነው የመለሱት። የፍርድ ቤት ሰው ናቸው፤ ቃል ሲመርጡ ያውቁበታል።

«ጋሽ ሀንዲሶ፣ እርስዎ አላፈሰሱበትም። ሌላ ሰውስ ነክቶታል?»

 ጣቶቻቸው ጉልበታቸው ላይ እንደ መጻፍ አሉ።

«ከዚያ በኋላ እኮ ሠርቷል» አሉ በመጨረሻ። «ሰኞ ማታ ደብዳቤ ጽፌበታለሁ። በዚያ ምክንያት አይደለም።»

«ከምን በኋላ?»

«አንድ ሰው ጠርጎልኛል። ውጭ ወደ ቧንቧው ወጥቼ ስመለስ ሸተተኝ። በምን እንደጠረገው፣ የት የት እንደነካ አላየሁም። እንዴትስ አያለሁ? አልጠየቅሁም። ለበጎ ያደረገን ሰው ምን ብዬ ልጠይቀው?»

ኑሪያ ልትናገር ስትል በእጄ አስቆምኳት። ማን እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለገኝም። በዚያ ወረርሽኝ በሽታው ጋሽ ሀንዲሶን ስለሚያሰጋቸው ቤተ ክርስቲያናቸው ሰው እንዳይሄድባቸው ከልክላ ነበር። ሰኞ ዕለት እዚያ ክፍል የገባ ሰው አንድ ብቻ ነው፤ ቃሏን ልትጨርስ የመጣችው ወርቅነሽ።

«ልትሄድ ነው?» አሉኝ፣ ጫማዬ ሲንቀሳቀስ ሰምተው።

«እሄዳለሁ።»

«እንግዲያው አንድ ነገር ቃል ግባልኝ። ያ ሰው በእኔ ምክንያት ተበላሸ ብሎ እንዳያስብ። አስቀድሞም የደረሰውን ሁሉ በእኔ ጥፋት ነው ብሎ የሚኖር ሰው ነው። ይህን አትጨምርበት።» እንዲህ ሲሉ ስም አልጠሩም፤ እሱ ነው እሷ ናት እንኳ አላሉም።

ኑሪያ እስከ ግቢው በር ሸኘችኝና ሁለት ነገር አስያዘችኝ። «በምን እንደጠረገችው ጠይቅልኝ። ሌላው፣ ኪቦርዱ ጀርባ ላይ ገመዱ የሚሰካበት ቀዳዳ አለ፤ ገመዱን ነቅላው እንደሆነ ጠይቅልኝ። እነዚህን ካወቅሁ እከፍተዋለሁ። ካላወቅሁ አልከፍተውም።»

ወደ ኦሬንጅ ፋርም የሚሄደው ታክሲ በዚያ ዘመን ሞልቶ አይሄድም ነበር፤ መስኮቱም ክፍት ነው፤ የሰኔ ብርድ እስከ አጥንት ይገባል። መንገዱን ሁሉ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። ሥራዬ ሰውን ጠይቆ ማውጣጣት ነው፤ አሁን የተላክሁት ደግሞ አንዲትን ሴት ሁሉን እንድትነግረኝ አድርጌ፣ ለምን እንደምጠይቃት ግን እንዳይገባት ለማድረግ ነው። መዋሸት ደግሞ አልፈልግም።

ሱቁ በብረት ፍርግርግ የታጠረ ነው። ወርቅነሽ ከውስጥ ሆና ለአንዲት እናት ዳቦ እያሳለፈች፣ «ዬቦ ማማ፣ ኡንጃኒ» ብላ በዙሉኛ ደህንነቷን ትጠይቃለች። ሴትዮዋ ስትሄድ እኔን አየችና ማስኳን አስተካከለች።

«ጋሽ ሀንዲሶ ደህና አይደሉም?»

«ደህና ናቸው። ኪቦርዱን አንዲት ባለሙያ እያየችልን ነው። እስካሁን የነካውን ነገር ሁሉ ማወቅ አለብኝ ብላ ላከችኝ።»

«እኔ ሰኞ ዕለት ጠርጌላቸዋለሁ» አለች ወዲያው፣ ደስ ብሏት። «እሳቸው ውጭ ወጥተው ሳለ ነው። ሰው ሁሉ እዚያ ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ ያለቅሳል፤ ይተነፍስበታል። እሳቸው ደግሞ ስኳር አለባቸው። ሰዉ እንዴት እየሞተ እንደሆነ እርስዎ ነዎት በሬዲዮ የሚነግሩን።»

«በምን ጠረግሽው?»

«በዚህ።» ከመደርደሪያ አንድ የሳኒታይዘር ጠርሙስ አወረደች። ውኃ የሚመስለው ዓይነት አይደለም፤ ወፍራሙ፣ እጅ እንዳይደርቅ ቅባት ያለበት ነው። «በየቁልፉ መሀል በጨርቅ አስገባሁት። ገመዱንም ነቀልኩና ቀዳዳውን በክብሪት እንጨት ላይ ጨርቅ ጠቅልዬ ውስጡን ሁሉ አጸዳሁት። የዓመታት አቧራ ነበረበት።»

ማወቅ የፈለግሁትን ሁለቱንም ነገር ሳልጠይቅ ሰጠችኝ። ማስታወሻዬ ላይ ስጽፍ እጄን ታያለች።

«እኔ ነኝ እንዴ ያበላሸሁት?»

«እስካሁን የምናውቀው ነገር የለም» አልኳት። በዚያች ደቂቃ እውነት ነበር። እውነት ቢሆንም ሲወጣ ከበደኝ።

ጠርሙሱን በፍርግርጉ አሳልፋ ሰጠችኝ። «ለባለሙያዋ ያስፈልጋት ይሆናል» አለች።

ከታክሲው ወርጄ ለኑሪያ ጠርሙሱን ሰጠኋት። አንድ ጠብታ በመስታወት ስባሪ ላይ ቀብታ መስኮት ላይ አስቀመጠችው። አርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስንገናኝ ደርቆ ነበር። መስታወቱን ወደ ብርሃን አንስታ አሳየችኝ፤ ምንም አይታይም። ከዚያ የኤሌክትሪክ መለኪያዋን ሁለት ጫፎች አሳረፈችበት። ቁጥሩ ተንቀሳቀሰ።

«አየህ? አልኮሉ ተኗል፤ ቅባቱ ቀርቷል። ለዓይን የለም፤ ለኤሌክትሪክ ግን ቀጭን መንገድ ሠርቷል። ያ ቀዳዳ ውስጥ ከእግር ወደ እግር ድልድይ ሆኗል።» ከዚያ ሌሊቱን ሁሉ ያሰበችበት መሆኑ በሚያስታውቅ እርጋታ ቀጠለች። «አሮጌው ኮምፒውተር ጮክ ብሎ ነው የሚናገረው፤ ድልድዩ ቢኖርም ይሰማማሉ። ጋሼ ሰኞ ማታ የጻፉት ለዚህ ነው። አዳፕተሩ ግን ያንሾካሹካል። የተንሾካሾከው ነገር መንገድ ላይ ይቀራል። ጋሼ አልዋሹም፤ ነገሩ ራሱ ነው ያሳሳታቸው።»

ቅርፊቱን ስትከፍት ጋሽ ሀንዲሶ ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አጣምረው ነበር። ብሎኖቹን እያንዳንዳቸውን ሩብ ዙር እያላላች፣ እየዞረች፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ፈጀች። ፕላስቲኩ አንድ ጊዜ ቀጭ አለ። ኑሪያ ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰችው። አልተሰነጠቀም። ከፋርማሲ የገዛነውን ንጹሕ የቁስል አልኮል በቀጭን ብሩሽ ቀዳዳው ውስጥ አስገብታ ሦስት ጊዜ አጠበች። የጠረገችበት የመጀመሪያ ጥጥ ቢጫ ሆኖ ወጣ፣ ሁለተኛው ነጣ አለ፣ ሦስተኛው ነጭ ነበር። አከራይዋ የፀጉር ማድረቂያዋን በመስኮት አቀበለችን። ኑሪያ አደረቀችው። ለካችው። የመለኪያው ቁጥር አልተንቀሳቀሰም።

ሰካችው። ሦስቱ መብራቶች በሩ፣ ጠፉ።

«ጋሼ፣ ከላይኛው ግራ ጀምረው እያንዳንዱን አንድ አንድ ጊዜ ይጫኑ።»

ጋሽ ሀንዲሶ ጫኑ። ጠቅ። ኑሪያ ማያ ገጹን እያየች፣ «አለ» ትላለች። ጠቅ። «አለ።» እስከ መጨረሻው ቁልፍ ድረስ እንዲህ ሄዱ። አንድም ጊዜ «የለም» አላለችም። ካርቶኑ ላይ ከእርጥበት ጎን የተጻፈውን ደምስሳ «ለካሁት» ብላ ጻፈች።

አራት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ጋሽ ሀንዲሶ የጆሮ ማዳመጫቸውን አድርገው፣ የላፕቶፑን ብርሃን እስከ ጥቁር አስቀንሰው በሩን ዘጉ። እኔና ኑሪያ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ በለስላሳ ሳጥን ተቀመጥን። ከውስጥ የቁልፎቹ ድምፅ ይሰማል። አይቸኩልም፣ አያቆምም። አንዳንድ ጊዜ ለረጅም ጊዜ ዝም ይላል፤ ያኔ ኑሪያ ትነሳለች፤ ድምፁ ሲመለስ ትቀመጣለች። አንድ ጊዜ ዝምታው እጅግ በረዘመ ጊዜ ወደ በሩ ተጠጋች። የሰማችው ኪቦርድ አልነበረም፤ ተመልሳ ስትቀመጥ ማስኳን እስከ ዓይኗ ሳበችው። ጋሽ ሀንዲሶ እያለቀሱ ነበር። ከዚያ ድምፁ ቀጠለ።

«ሰው የሌላውን ነገር ሦስት ሳምንት ተሸክሞ ቃል ሳይጥል ይጽፋል» አለች ኑሪያ። «እኔ የአንድ ቲል ብልሽት እስከ ማታ ይጠፋብኛል።»

«ካርቶን ላይ ትጽፊዋለሽ እንጂ።»

«እሳቸው ካርቶን የላቸውም።»

ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ ላይ በሩ ተከፈተ። ፊታቸው ታጥቦ ነበር። «እኔ ኢሜይሉ ላይ ፔፐሯን ማያያዝ አልችልም፤ ፎቶው አንተ ስልክ ላይ ነው» አሉኝ። ወርቅነሽ ፔፐሯን ፎቶ አንስታ ልካልኝ ነበር። ላፕቶፑ ፊት ተቀመጥኩ። ማያ ገጹ ጥቁር ነው። ብርሃኑን ከጨመርኩ የጻፉት ሁሉ ፊቴ ይዘረጋል። የጋዜጠኛ ዓይን ምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ አንድ ገጽ በአንድ እይታ ያነባል።

«ጋሽ ሀንዲሶ፣ ብርሃኑን ከመጨመሬ በፊት ፋይሉን ይዝጉት።»

ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። ሁለት ቁልፍ ጫኑ፤ ጠቅ፣ ጠቅ። «ዘግቼዋለሁ» አሉ። ብርሃኑን ጨመርኩ፤ ያየሁት የፋይሉን ስም ብቻ ነው፤ የወርቅነሽ ስም ነበር። አያይዤ ላክሁት። አሥር ሰዓት ሊሆን አሥራ ሰባት ደቂቃ ሲቀረው ከጠበቃዋ ቢሮ «ደርሶናል» የሚል መልስ መጣ። ጋሽ ሀንዲሶ ስነግራቸው፣ «እግዚአብሔር ይመስገን። ሻይ ልጣድላችሁ» ብለው ተነሱ።

አንባቢዎቼ፣ ስለ አዳፕተር እንዲህ ማውራቴ ሊገርማችሁ ይችላል። ከዚያ ሳምንት በፊት የነበረው ጋዜጠኛና ከዚያ በኋላ ያለው ግን አንድ ሰው አይደሉም። ዛሬ ማስታወሻዬ ላይ ከእያንዳንዱ ነገር ጎን በምን እንዳወቅሁት እጽፋለሁ። አየሁት፣ ለካሁት፣ እገሌ አለ። «እገሌ አለ» የሚል ሁለት ሲሆን፣ ሁለቱ ከየት እንደሰሙ እጠይቃለሁ። እንዲህ ካደረግሁ ወዲህ ዘገባዬ ቀንሷል፤ አዘጋጆቹ አልወደዱትም። ከወረርሽኙ ዘመን ዘገባዎቼም መለስ ብዬ ስመረምር ሁለቱን ራሴ አርሜአለሁ፤ ማንም ሳይጠይቀኝ።

ሌላም ነገር አለ። ያን ሳምንት አንዲት ሴት ሰው ያላየውን ቅባት እስክታየው ድረስ አልተኛችም፤ አንድ ዓይነ ስውር ሰው ደግሞ ያወቀውን ሳይናገር ሁለት ቀን ተጨነቀ። አንዷ ሁሉን መግለጥ ነበረባት፤ ሌላው መሸፈን ነበረበት። እኔ ሥራዬ መግለጥ ብቻ ነው ብዬ ስለማምን ሁለተኛውን እንደ ድካም እቆጥረው ነበር። ዛሬ አልቆጥረውም። ጋሽ ሀንዲሶ የደበቁት ነገር ዋጋ ሊያስከፍለን ደርሶ ነበር፤ ይህን አልክድም። ግን ወርቅነሽ ያንን ታሪክ ለእሳቸው የነገረቻቸው ያው የሚሸፍነው ልብ ስላላቸው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ያላጋጠማችሁ ካላችሁ፣ ፈልጉት። ካገኛችሁት ደግሞ የሚደብቀውን ሁሉ አታስወጡት።

የይግባኙ መልስ የመጣው ከዓመት በኋላ ነው። ተቀባይነት አግኝታለች። ይህን ጽሑፍ ለማሳተም ፈቃዷን ለመጠየቅ ኦሬንጅ ፋርም ሄድኩ። ስሟን ቀይሬ እንድጽፍ ተስማማች። የሳኒታይዘሩን ነገር እንዴት ልንገራት ብዬ ስንተባተብ አቋረጠችኝ።

«ያን ዕለት ጠርሙሱን ስሰጥዎ ነው ያወቅሁት» አለች። «ለጋሽ ሀንዲሶ ያላወቅሁ ይምሰላቸው ብዬ ነው ዝም ያልኩት። እንዳወቅሁ ቢሰሙ ያዝናሉ።»

ሳቅሁ። እሷ ግን አልሳቀችም። ፍርግርጉን በሁለት እጇ ይዛ ወደ መሬት እያየች ነበር። በዚያ ዓመት ሙሉ ስንገናኝ ፊቴን ቀጥ ብላ አይታኝ እንደማታውቅ ያኔ ነው ያስተዋልኩት።

«የላኩት እርስዎ ነዎት» አለች። «አንብበውታል። ይህንንም ልጠይቅዎ ፈርቼ ነው የቆየሁት።»

«አላነበብኩትም።»

«ምንም?»

«ፋይሉን ዘግተው ነው የሰጡኝ። ያየሁት ስምሽን ብቻ ነው።»

 ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ከወገቧ ቁልፉን አወጣች። ወደዚያ ሱቅ ሦስት ጊዜ ሄጄ ሁልጊዜ ከውጭ ቆሜ ነው የተመለስኩት። የብረቱን በር ከፈተችና ከዱቄት ጆንያው አጠገብ ያለውን ወንበር በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችልኝ።

«ይግቡ» አለችኝ። «ይቀመጡ።»